የወፍ ማባረሪያው ከነመለዋወጫው ይምጣልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግሪሳ ወፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ፎቶው ላይ ገበሬዎች አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ወፍ ማባረሪያ ሲረከቡ ይታያሉ። ጭብጨባ አለ፣ ሪባን አለ፣ ደስ ይላል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሪባኑ ከተቆረጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ስላለው ነገር ነው። ያኔ ዕቃው የሚመጣው እኔ ጋ ነዋ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለኝ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ የሰርግ ሞንታርቦ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ከወንድሜ ጋር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ የማሽላ ማሳ አለን። ስለዚህ ወፉም ያውቀኛል፣ መሣሪያውም ያውቀኛል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄዱ ደብረ ብርሃንን ያልፋሉ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ያልፋሉ፣ ከዚያ ደብረ ሲና ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ሙቀቱ ፊትዎን ሲመታዎት እኛ ጋ ደርሰዋል። ቆላ ነው። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት ይበቅላል። ማሽላው መስከረም ላይ ማሸት ይጀምራል። ፍሬው ወተት ሲቋጥር ግሪሳ ከች ይላል።

አንዲቷ ግሪሳ ብትመዘን ሃያ ግራም ገደማ ናት። በቀን ግን ዐሥር ግራም ያህል እህል ታጠፋለች፤ ግማሹን በልታ ግማሹን አራግፋ። ትንሽ ይመስላል። መንጋው አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን በቀን መቶ ኩንታል ማለት ነው። ሚሊዮን ደግሞ ለግሪሳ ብዙ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥር የሚበልጠው የለም ይባላል።

ማደሪያው ሲታወቅ አውሮፕላን ይጠራል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከ1962 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ከአንበጣው ጎን ግሪሳንም በአውሮፕላን ይረጫል። ወፎቹ አመሻሽ ላይ ሸምበቆና ግራር ላይ ሲሰፍሩ ነው የሚረጨው። መድኃኒቱ ፌንቲዮን ይባላል። ግሪሳን ይገድላል፤ የሞተውን ግሪሳ የበላውን ጭልፊትና ጉጉትም ይገድላል። በዚያ ላይ አውሮፕላን ለመንጋ ማደሪያ ነው እንጂ ለአንድ ጥማድ ማሽላ አይነሳም። ለአንድ ጥማድ ማሽላ የሚነሳው ልጅ ነው። ማማ ላይ ይወጣል፣ ወንጭፍ ይይዛል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ጣሳ ይደበድባል። አንዳንዱ የድሮ ካሴት ክር በማሳው ላይ ይወጥራል፤ ንፋስ ሲመታው ያፏጫል። ወፉ የሚመጣው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ደግሞ መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ አንዷ የወፍ ማባረሪያ ሳጥን ከሠራች አንድ ልጅ ክፍል ገባ ማለት ነው። ከተበላሸች ደግሞ ተመልሶ ማማው ላይ ነው። ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ወደ ሳጥኗ ልምጣ። እኛ ጋ ለገበሬዎች ማኅበር ስድስት መጥተው ነበር። አንድ ፕሮጀክት ነው ያመጣቸው፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ በጎ አስበው ነው። እያንዳንዷ አንድ ሳጥን፣ ሁለት የጡሩምባ ስፒከር፣ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪና አንድ ሶላር አላት። ውስጧ የተቀረጸ ድምፅ አለ። ጭልፊት የያዘው ወፍ ሲጮህ፣ ጭልፊት ራሱ ሲጮህ። በተዘበራረቀ ሰዓት ትለቀዋለች፤ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ወፉ ይለምደዋልና። ሲመሽ በራሷ ትተኛለች፣ ሲነጋ ትነቃለች።

ትሠራለች ወይ? ትሠራለች። ግን ተአምር አትሠራም። ወፉ ማሳውን ሳይለምድ ቀድመህ ካቆምካት፣ በየጥቂት ቀኑ ቦታ ከቀየርክላት፣ አንድ ሰው አልፎ አልፎ በጅራፍ ካገዛት፣ ጥቂት ሺህ የሚሆን መንጋ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ሰማዩን የሚያጠቁር መንጋ ከመጣ ግን እሷም ትጮሃለች፣ ወፉም ይበላል። ይህን የምለው ሻጮቹ ስለማይሉት ነው።

አሁን ብልሽቱ። ስድስቱም ባንዴ አልተበላሹም፤ አንድ በአንድ ነው የመጡት። የሚገርመው የተበላሸው ነገር ሁሉ ርካሽ ነው። ባትሪ፣ ፊውዝ፣ የስፒከር ዩኒት፣ አንዲት አይሲ (ድምፁን የምታጎላ ትንሽ ቺፕ)፣ አንዲት ብርሃን የምታይ ነገር። ውድ የሆነው ሳጥንና ሶላር ደህና ነው። አስመጪው ጋ ደወልኩ። በትህትና አናገረኝ፤ እውነቱን ልናገር። "ወንድሜ፣ መለዋወጫ አንይዝም። ሙሉውን ነው የምናመጣው። አዲስ ልስጥህ?" አለኝ። የአዲሷ ዋጋ አንድ ጥሩ የእርሻ በሬ ይገዛል። የተበላሸችው አይሲ ደግሞ ማኪያቶ ከኬክ ጋር ብትጋብዙኝ ዋጋዋ ተሸፈነ።

ፋብሪካውም ጋ ጻፍኩ። መልስ ሰጡኝ። አይሲዋን ለብቻ አንሸጥም፣ የተበየደችበትን ካርድ በሙሉ ነው የምንሸጠው አሉ። ማጓጓዣው ከካርዱ ይበልጣል። ክፍያው በውጭ አገር የባንክ ካርድ ነው። እኔ የውጭ ባንክ ካርድ ከየት አምጥቼ? አንድ ትራንዚተር ወዳጄን ጠየቅኩት፣ ሳቀብኝ። "ጉምሩክ ላይ ስፒከር ስፒከር ነው፤ ለሰርግ ይሁን ለማሽላ ማን ያውቅልሃል?" አለኝ። ሳጥኗ ሙሉ ሆና ስትገባ የእርሻ ዕቃ ናት። ለብቻው የመጣ ስፒከር ግን የሙዚቃ ዕቃ ይሆናል።

ዶላሩም አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት አስመጪው "ዶላር የለም" ይለን ነበር። አሁን ዶላር አለ፤ እኛ ነን የሌለነው።

ስለዚህ መርካቶ።

መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል፤ እውነት ነው። ችግሩ የምትፈልገው ነገር ስም ከሌለው ነው። ዕቃ የሚገኘው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በሚጠራበት ስም ነው። "የወፍ ማባረሪያ መለዋወጫ" ብለህ ከጠየቅህ ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለህ። አንድ ሱቅ ገብቼ ስፒከር ጠየቅኩ።

"ፋዘር፣ የምን ስፒከር ነው?" አለኝ ልጁ።

"የወፍ።"

"የወፍ ስፒከር!" ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ሳትቀር ሳቀች።

ከዚያ በኋላ "የወፍ" ማለት ትቻለሁ። ከጡሩምባው ጀርባ የምትታሰረውን ዩኒት ፈትቼ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "እንደዚህች ያለች" እላለሁ። ይህ ነው መንገዱ፤ ለሌሎች ጠጋኞችም ይጠቅማል። ይህች ዩኒት መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ካለው ጡሩምባ ጀርባ ያለችው ናት። ጥርሱ ከገጠመ ይታሰራል።

ግን ኦሙን፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን መጠን፣ እዩ። የኔ ስፒከር ስምንት ኦም ነው። ልጁ ያለው ዐሥራ ስድስት ነው። "ይሠራል ፋዘር፣ ኦሪጅናል ነው፣ ውሰደው" ይላል። እውነቱን ነው፣ ይሠራል፤ ምንም አያቃጥልም። ግን ከማጉያው የሚወጣው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኃይሉ ግማሽ ሲሆን ድምፁ የሚደርስበት ርቀት በሲሶ ገደማ ያጥራል። ሱቅ ውስጥ ስትሞክረው ልዩነቱ አይታወቅህም። የማሳው ጫፍ ላይ ያለው ወፍ ግን ያውቀዋል። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ማጉያው ከተሠራለት በታች የሆነ ኦም ገጥመህ ብትለቀው ከሚችለው በላይ ይጎተትና ሊቃጠል ይችላል። በቴስተር ስትለካው ደህና የሆነ ስምንት ኦም ስፒከር ስድስት፣ ሰባት ያሳይሃል፤ ዐሥራ ስድስቱ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት። ምንም ካላሳየ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ተበጥሷል። እዚያው ሱቁ በር ላይ ለኩ። ቴስተር ይዞ የሚገዛን ሰው ሻጭ አይወደውም፤ ግድ የለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ሶኬት ላይ የምትሰካ ነጭ ዕቃ ይሸጣሉ። "አይጥም፣ ትንኝም፣ ወፍም ታባርራለች፤ ድምጿ ለሰው አይሰማም" ይላሉ። የሰው ጆሮ የማይሰማው ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ነው። ወፍ ደግሞ በደንብ የሚሰማው ከ1 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው፤ ከ10 ሺህ በላይ አብዛኛው ወፍ እምብዛም አይሰማም። በድምፅ ቅጥነት ወፍ ከኛ አይበልጥም። ለእናንተ የማይሰማው ለግሪሳም አይሰማውም። አንድ የማኅበራችን ሽማግሌ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ልጃቸው ይቺን ገዝቶ ልኮላቸው ማማው ሥር በኤክስቴንሽን ሰክተዋት አየሁ። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ አትጮህም" ብላቸው "እኔም ጆሮዬ ደክሞ መስሎኝ" አሉ።

አሁን ስለ አይሲዋ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የተናደድኩት እሷ ላይ ነው። አንዷ ሳጥን በአንድ ጎን ብቻ ትጮህ ነበር። ስፒከሮቹን አቀያየርኩ፤ ዝም ያለው ጎን ያው ዝም አለ። ስለዚህ ጥፋቱ ከማጉያው ነው። ከፈትኳት። ካርዱ ላይ ጎን ለጎን ሁለት አይሲ አለ። አምስት አምስት እግር አላቸው፣ ጀርባቸው አሉሚኒየም ላይ በብሎን ታስሯል። መነጽሬን አድርጌ ቁጥራቸውን ላነብ ጎንበስ አልኩ። ቁጥር የለም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አጥፍተውታል። ሆን ተብሎ ነው። እኔ እንዳላውቀው፣ ገዝቼ እንዳልተካው።

ደግነቱ አንዱ አይሲ በሕይወት አለ። ሕያው ካለ የሞተው ይታወቃል። በቴስተር እግር በእግር ተከተልኩት። አምስተኛው እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ ይገናኛል። መሐለኛው፣ ሦስተኛው፣ ከኔጌቲቭ። አራተኛው በአንድ ወፍራም ካፓሲተር በኩል አልፎ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። አንደኛው ድምፁ የሚገባበት ነው። በዘመኑ የመኪና ቴፕ ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። ቲዲኤ 2003 ነው፤ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው። እስከ ዐሥር ዋት ሊያወጣ የሚችል፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ የዓለም ቴፕ ሁሉ ውስጥ የነበረ ዕቃ። ይሄን ነው እንደ ወታደራዊ ምስጢር የፈገፈጉት!

ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ የሞተ የመኪና ቴፕ ገዛሁ። ሽፋኑ የለም፣ ካሴት ማጫወቻው የለም፣ ማጉያው ግን አለ። አይሲዋን ነቅዬ፣ ቦታዋ ላይ በየድኳት። ከአሉሚኒየሙ ጋር የምትነካካበት ላይ ነጩን ቅባት ቀባሁ፤ ይህን ከረሳችሁ በቆላ ፀሐይ ሳምንት አትቆይም። ባትሪውን ሳገናኝ ሁለቱም ጎን ባንዴ ጮኸ። ጎረቤት ያለችው ቡና የምታፈላ ልጅ ሲኒ ጣለች።

ሌላዋ ሳጥን እንዲህ አልቀናችም። ካርዷ ላይ ጥቁር ሙጫ አፍስሰውበታል። ዝናብ እንዳይገባ ነው ይላሉ። ዝናብ እንዳይገባ የሳጥኑን ላስቲክ ደህና ማድረግ ይበቃ ነበር። ሙጫው ሲነሳ ካርዱን ይዞ ተነሳ። አሁን የእሷ ሥጋ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆኗል፤ ሶላሯ ለአንዷ፣ ጡሩምባዋ ለሌላዋ።

ባትሪው ቀላል ነው። 12 ቮልት 7 አምፒር፣ ኮምፒውተር ቤት ለዩፒኤስ የሚሸጡት ነው። የባጃጅ ባትሪም ያስነሳታል፤ ግን የባጃጅ ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ቀስ በቀስ ባዶ እስኪሆን ሲጠጣ ቶሎ ያረጃል። ብር ካላጠራችሁ የዩፒኤሱን ግዙ። የእህቴ ልጅ ዱባይ ናት፤ "አጎቴ፣ ሊትየም ላምጣልህ፣ ዕድሜው ረጅም ነው" አለችኝ። 20 አምፒሩን ገዝታ በእጅ ቦርሳዋ ይዛ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቀማች። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ትርፍ የሊትየም ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆነ በእጅ ቦርሳ ይታለፋል። እስከ 160 የሚሆነው አየር መንገዱ ከፈቀደ ነው። ከዚያ በላይ አይሆንም። 12 ቮልት በ20 አምፒር ሰዓት ስታባዙት 240 ዋት ሰዓት ይሆናል። ልጄን በከንቱ አስከሰርናት። በሻንጣ ዘመድ የምትጠብቁ ካላችሁ ቀድማችሁ አባዙ።

ብርሃን የምታየው ደግሞ አንዲት ባለ ሁለት እግር ነገር ናት። እሷ ስትበላሽ ሳጥኗ ቀንና ሌሊት አትለይም። አንዷ በእኩለ ሌሊት መጮህ ጀመረች። ጭልፊት የያዘው ወፍ ጩኸት በጨለማ ሲሰማ ምን እንደሚመስል መገመት ትችላላችሁ። ጠዋት ባለቤቱ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሰፈሩ ጸበል ይረጭልን እያለ ነው። ሲመሽ በራሱ ከሚበራ የአጥር መብራት ያቺኑ ዓይን አውጥቼ ገጠምኩላት። ጉንዳን ገብቶ ያቃጠለውን ቻርጅ መቆጣጠሪያ አልተርክም፤ እሱ በየትኛውም የሶላር ሱቅ ይገኛል።

ከሁሉ የከበደው መለዋወጫ ግን ድምፁ ነው።

መመሪያ ወረቀቱን አንብቡት። የተቀረጹት ድምፆች የማን እንደሆኑ ይዘረዝራል። የፈረንጅ አገር ቁራ፣ የባሕር ዳርቻ ወፍ፣ እዚያ አገር ወይን የሚበላ ጥቁር ወፍ። ግሪሳ የለም። ወፍ በብዛት የሚደነግጠው በራሱ ወገን ጩኸት ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ዓመት ለምን ሠራ? አዲስ ጩኸት ሁሉ ለጊዜው ያስደነግጣል። የበረሃ አህያ ድምፅ ብትለቁበትም ለሳምንት ይሸሻል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ለመደው፤ አንዳንዱ ጡሩምባው ላይ ሳይቀር ያርፍ ጀመር። ፋብሪካው ለየወፉ ዓይነት የተለያየ ቺፕ ይሸጣል። ለግሪሳ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም። ቢኖር እንኳ ቺፗ የራሷ ቅርጽ ናት፤ የኛ ምንም ነገር አይገባባትም።

ምን አደረግን? በየስፒከሩ ውስጥ ያለችውን ሜሞሪ ካርድ የምታጫውት ትንሽ ቦርድ ታውቋታላችሁ፤ ሪሞት ያላት፣ ኤፍኤምም የምትይዝ። መርካቶ በሽ በሽ ናት። ቺፗን አውጥቼ በቦታዋ እሷን ገጠምኩ። የማኅበሩ ልጆች በመረብ የተያዘ ግሪሳ ሲጮህ በሞባይል ቀዱልኝ። በጩኸቱ መሐል ረጅምና አጭር ዝምታ እያስገባሁ፣ ሁለት ሰዓት የሚሆን አንድ ፋይል ሠራሁ። ቅጂው ጥሩ አይደለም፤ የሞባይል ነው፣ ንፋስ አለበት፣ ከጀርባው በግ ይጮሃል። ከፈረንጁ ቁራ ግን ይሻላል። ወንድሜ "በጉን አታውጣው፣ ወፉ እረኛ አለ ብሎ ይሸሻል" ይላል። በጉን አላወጣሁትም።

ይህ ሥራ ግን የኔ መሆን አልነበረበትም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው። የግብርና ምርምር ሰዎች አሉ። ደህና ማይክሮፎን ይዞ ለጥቂት ጠዋት ማሽላ ውስጥ መዋል ነው። የግሪሳን የጭንቅ ጩኸት፣ የኛን አገር ጭልፊት ድምፅ ጥርት አድርጎ ቀድቶ ለሁሉም መስጠት። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።

ለሚገዙት መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች የምለው ይሄ ነው። ጨረታ ስታወጡ ሳጥኗን ብቻ አትግዙ። ከየዐሥሩ ሳጥን ጋር የስፒከር ዩኒት፣ አይሲ፣ ፊውዝ፣ የብርሃን ዓይን በአንድ ካርቶን ይምጣ፤ በዚያው በእርሻ ዕቃነት ጉምሩክን ይለፍ። የካርዱ ንድፍ ወረቀት አብሮ ይሰጥ። ቁጥሩ የተፈገፈገ፣ ሙጫ የፈሰሰበት ካርድ ከሆነ አትቀበሉ፤ ናሙናውን ከፍታችሁ እዩ፣ አራት ብሎን ነው። ድምፁ በተራ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይሁን። ዋጋው በዚህ ትንሽ ቢጨምር ጨምሩ። ርካሹን ገዝታችሁ በሁለት ዓመት የሞተ ሳጥን ብታወርሱን ለማን ይጠቅማል? የሚያስረክበው ድርጅት "ዋስትና አለው" ሲላችሁ ደግሞ ዋስትናው የት እንደሚፈጸም ጠይቁ። የኛዎቹ ዋስትና ነበራቸው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ ባሕር ማዶ ነው።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ በር ሲንኳኳ የሚበራ መብራት ይሠራሉ፤ በየዓመቱ ያው መብራት። ቲዲኤ 2003፣ አንድ የሜሞሪ ቦርድ፣ አንድ ጡሩምባ፣ አንድ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ስጧቸው። ወፍ ማባረሪያ ሠርተው ይመረቁ። ሲበላሽም ማን ጋ እንደምንሄድ እናውቃለን።

ከስድስቱ አሁን አራቱ ይሠራሉ። አንዷ ለመለዋወጫ ታርዳለች፣ አንዷ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ስፒከር ትጠብቃለች። በሌላ ወረዳ የሞቱ ሳጥኖች እንዳሉ እሰማለሁ። ያላችሁ ሰዎች ለቆርቆሮ ገዢ በኪሎ አትሽጡብኝ። ሁለት የሞቱ አብረው ከመጡ አንዷን አስነሣለሁ።

በኛ አካባቢ ለሚመጣው ዓመት አዲስ ግዢ ሊወጣ ነው ይባላል። ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ደብዳቤዬ ረጅም ነው ብላችሁ ብትቆርጡትም አልቀየምም። የምናለሽ ተራውን ቁረጡ፣ የእህቴን ልጅ ባትሪ ቁረጡ። የጨረታዋን አንቀጽ ግን ተዉልኝ፤ የጨረታው ሰነድ ሳይታተምም አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸዋ ሮቢቱ ሬዲዮ ጠጋኝ